የዳታ መጋዘን ወይስ የክላውድ ዳታቤዝ? ከቃሊቲ እስከ ገላን ላሉ ድርጅቶች የመምረጫ መመሪያ

ጥር ላይ ገላን ወደሚገኝ አንድ የምግብ ዘይትና ሳሙና አከፋፋይ ተጠርቼ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ጠረጴዛቸው ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። ሦስቱም ላይ «ዘመናዊ የዳታ መጋዘን» የሚል አለ፤ ሦስቱም ዋጋቸው በዶላር ነው። «የትኛውን ልፈርም?» አሉኝ። እኔም «ዛሬ መልስ ያጡለት ጥያቄ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና «የቀድሞ ዱቤውን ሳይከፍል ሌላ ዕቃ ጭኖ የሚሄደውን ደንበኛ የምናውቀው ወር ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዕቃው ሄዷል» አሉኝ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት እንደ እሳቸው ዋጋ ማቅረቢያ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ነው። ከቃሊቲ ጀምሮ በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን አልፎ እስከ ዱከም ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የማገኛቸው ድርጅቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ችግር አለባቸው። ሽያጩ አንድ ሶፍትዌር ላይ ነው፣ ሂሳቡ ፒችትሪ ላይ፣ የዕቃ ገቢና ወጪው ኤክሴል ላይ፣ የመኪኖቹ ውሎ ደግሞ የስምሪት ኃላፊው ደብተር ላይ። ወር ሲዘጋ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያንን ሁሉ ሲያገጣጥም ቀናት ያልፋሉ። ለዚህ መፍትሔ ተብለው የሚቀርቡት መድረኮች መልካም ናቸው፤ አብሬያቸው እውላለሁ፣ እወዳቸዋለሁም። ግን እያንዳንዱ የተሠራለት ሥራ አለው። አንዱን በሌላው ቦታ ማስቀመጥ ገንዘብም ጉልበትም ይበላል።

ባንኮኒውና መጋዘኑ

የዕለት ሽያጭ የሚመዘግበው ዳታቤዝ ባንኮኒ ነው። ደንበኛ ይመጣል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ዕቃ ከስቶክ ይቀነሳል። ሦስቱም አብረው መፈጸም አለባቸው፤ አንዱ ከከሸፈ ሌሎቹም እንዳልተደረጉ መቆጠር አለባቸው። ገንዘቡ ገብቶ ዕቃው ካልተቀነሰ ማታ ሂሳብ አይገጥምም። ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨርና ኦራክል በዋናነት ለዚህ ሥራ የተሠሩ ናቸው። በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ፣ ስትከራዩዋቸው አማዞን ዘንድ አርዲኤስ፣ ጎግል ዘንድ ክላውድ ኤስኪውኤል፣ ማይክሮሶፍት ዘንድ አዙር ኤስኪውኤል ይባላሉ። ውስጡ ያው የምታውቁት ዓይነት ዳታቤዝ ነው፤ ባክአፑንና ጥገናውን ግን አከራዩ ይይዝላችኋል።

የዳታ መጋዘን ከየባንኮኒው የመጣውን የዓመታት ታሪክ አንድ ላይ ይዞ ትልልቅ ጥያቄ የሚመልስ ነው። ልዩነቱ አቀማመጡ ላይ ነው። የደረሰኝ ጥራዝ አስቡ። እያንዳንዱ ቅጠል ላይ የደንበኛው ስም፣ ቲን ቁጥሩ፣ ዕቃው፣ ብዛቱና ዋጋው አብረው ተጽፈዋል። አንድ ደረሰኝ ፈልጎ ለማውጣት ይመቻል፤ የዓመቱን ሽያጭ ለመደመር ግን ጥራዙን ሙሉ መግለጥ ግድ ነው። አሁን ደግሞ የሂሳብ ሹሙን ሰፊ መዝገብ አስቡ። የገንዘቡ አምድ ለብቻው ከላይ እስከ ታች ተሰልፏል፤ ጣትን እያወረዱ መደመር ነው። ባንኮኒው እንደ ጥራዙ ረድፍ በረድፍ ያስቀምጣል፣ መጋዘኑ እንደ መዝገቡ አምድ በአምድ። ቢግኩዌሪ፣ ስኖውፍሌክ፣ ሬድሺፍትና ክሊክሃውስ ሁሉም አምድ በአምድ ናቸው። ብዙ ሚሊዮን ረድፍ ቶሎ የሚደምሩት ለዚህ ነው፤ አንዲት ደረሰኝ አውጥቶ ማረም የሚከብዳቸውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ የሽያጭ ሶፍትዌራችሁን ዳታቤዝ ነቅላችሁ በዳታ መጋዘን እንድትተኩ የሚመክራችሁ ካለ አትቀበሉት። መጋዘኑ ባንኮኒውን ተከትሎ ይመጣል እንጂ አይተካውም።

መጀመሪያ መስመራችሁን ቁጠሩ

መድረክ ከማወዳደር በፊት የደረሰኝ መስመር ቁጠሩ። የገላኑ አከፋፋይ በቀን ወደ 3,000 የደረሰኝ መስመር ያወጣል። በዓመት 300 የሥራ ቀን ብንይዝ 900,000 መስመር ነው። የኤክሴል አንድ ገጽ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ነው፤ ስለዚህ ፋይላቸው በየዓመቱ መጨረሻ መጨናነቁ የሚያስገርም አይደለም። ኤክሴል ስለጠበበ ግን ዳታው ትልቅ ነው ማለት አይደለም። አንድ መስመር 200 ባይት ቢፈጅ የአምስት ዓመቱ 4.5 ሚሊዮን መስመር 900 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ቪዲዮ ከዚህ ይበልጣል።

ይህን ስነግራቸው ቅር የሚላቸው አሉ፤ ድርጅታቸውን ያሳነስኩባቸው ይመስላቸዋል። እኔ የምለው ግን ይህ ዕድል እንደሆነ ነው። ትንሽ ዳታ ያለው ሰው ብዙ አማራጭ አለው፣ አብዛኛው አማራጭም ርካሽ ነው።

በጣም የተለየ መጠን የሚመጣው ከመሣሪያ ነው። በየሰከንዱ የሙቀትና የፍጥነት ቁጥር የሚልክ የፋብሪካ ማሽን ካላችሁ፣ አንድ ቁጥር ብቻ በሰከንድ ቢልክ በቀን 86,400 ረድፍ ነው። አሥር ማሽን አምስት አምስት ቁጥር ቢልኩ በቀን ከ4 ሚሊዮን ያልፋል። እዚያ ጋ ነገሩ ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ፖስትግሬስ

በ1986 (የመድረኮቹን ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በርክሊ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በምርምር የተጀመረ፣ ዛሬ በነጻ የሚገኝ ዳታቤዝ ነው። ከ10 ሚሊዮን መስመር በታች ላለ ድርጅት ሁልጊዜ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው። የሽያጩ ዳታቤዝ ራሱ ፖስትግሬስ ከሆነ ቅጂውን ሌላ ማሽን ላይ ታቆማላችሁ፤ ሪፖርት የሚያወጣው ሰው ቅጂውን ሲጠይቅ ባንኮኒው ላይ ያለው ካሸር አይጓተትበትም። ከባድ ሪፖርቶችን ሌሊት አስልቶ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ማቴሪያላይዝድ ቪው ይባላል። ጠዋት የሚከፍተው ሰው የሚያነበው ያለቀለትን ቁጥር ነው።

ሌላው ጥቅሙ ሰው ማግኘት ቀላል መሆኑ ነው። ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ) የሚችል የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ በሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። ቢሯችሁ ውስጥ ባለ ሰርቨር፣ በክላውድ፣ ወይም አገር ውስጥ ባለ ዳታ ማዕከል ሊቀመጥ ይችላል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመውሰድ ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

የማይበቃበት ጊዜም አለ። ኢንዴክሱ (የዳታው ማውጫ) ተስተካክሎ፣ ሰንጠረዡ በወር ተከፋፍሎ፣ ያም ሆኖ ሪፖርቱ ብዙ ደቂቃ የሚያስጠብቅ ከሆነ ወይም ዳታው ከመቶ ሚሊዮን ረድፍ እያለፈ ከሄደ ወደሚቀጥሉት ተሻገሩ።

ቢግኩዌሪ

የጎግል ነው፤ በ2010 ተዋወቀ። የምትከራዩት ማሽን የለም። ዳታውን ታስገባላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ፣ ጥያቄው ባነበበው መጠን ትከፍላላችሁ። በአሜሪካ ዋጋ አንድ ቴራባይት ማንበብ 6.25 ዶላር ነው፤ በወር የመጀመሪያው 1 ቴራባይት ንባብና የመጀመሪያው 10 ጊጋባይት ማከማቻ ነጻ ነው። ለ90 ቀን ያልተነካ ሰንጠረዥ የማከማቻ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል፤ የአምናና የካቻምና ሽያጭ ለሚያስቀምጥ ድርጅት ይህ ጥሩ ነገር ነው።

አሁን የገላኑን 900 ሜጋባይት እዚህ ላይ እናስላው። ስድስት ሥዕል ያለው ዳሽቦርድ (የሪፖርት ማሳያ ገጽ) በየ15 ደቂቃው፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢታደስ 4,992 ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ሰንጠረዡን ሙሉ ቢያነብ ወደ 4.5 ቴራባይት ይደርሳል፤ ነጻው ተቀንሶ የሚከፈለው 20 ዶላር አካባቢ ነው። ሰንጠረዡ በወር ቢከፋፈልና ጥያቄው የሚፈልገውን አምድ ብቻ ቢጠራ ግን ነጻው ውስጥ ያልቃል። ልዩነቱ የሚመጣው ከጥያቄው አጻጻፍ ነው። «ሁሉንም አምድ አምጣ» ብሎ የመጻፍ ልማድ እዚህ ያስከፍላል። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ በተራ ሰንጠረዥ ላይ «አሥር ረድፍ ብቻ አሳየኝ» ማለት ክፍያውን እንደማይቀንስ ነው፤ የሚታየው አሥር ረድፍ ቢሆንም የሚነበበው አምዱ በሙሉ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ጥያቄ የሚፈቀደውን ከፍተኛ የባይት መጠን ወስኑ። ከዚያ የሚያልፍ ጥያቄ ሳይሠራ ይቆማል፤ ሂሳብም አይመጣም።

ለእኛ የሚመች ሌላም አለው። ሳንድቦክስ የሚባለው መሞከሪያ የባንክ ካርድ አይጠይቅም። ሰንጠረዦቹ በ60 ቀን ይጠፋሉ፣ ገብቶ ረድፍ ማረምም አይቻልበትም፤ ለመማርና ለሥራ አስኪያጅ ለማሳየት ግን ይበቃል።

ስኖውፍሌክ

በ2012 የተመሠረተ ኩባንያ ነው፤ በአማዞን፣ በማይክሮሶፍትና በጎግል ክላውዶች ላይ ይሠራል። ማከማቻውንና ማስያ ኃይሉን ለያይቶ ነው የሚያስከፍለው። ማስያውን እንደ ጄኔሬተር አስቡት፦ ሲፈለግ ይነሳል፣ ሥራ ሲያጣ ይጠፋል፣ የሚቆጥረው በርቶ የቆየበትን ጊዜ ነው። ሲነሳ ቢያንስ የ60 ሰከንድ ይቆጥራል፤ ከዚያ በኋላ በሰከንድ። ትንሹ መጠን በሰዓት 1 ክሬዲት ይበላል፤ በመደበኛው እትም በአሜሪካ ዋጋ አንድ ክሬዲት 2 ዶላር አካባቢ ነው።

ጄኔሬተር ያለው ሰው የሚያውቀውን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማስያው ያለ ሥራ ስንት ጊዜ ቆይቶ እንዲጠፋ የሚወስን ቁጥር አለ፤ ካልነካችሁት 10 ደቂቃ ነው። ዳሽቦርዳችሁ በየ5 ደቂቃው የሚታደስ ከሆነ ማስያው 10 ደቂቃ ዕረፍት በጭራሽ አያገኝም፤ ሌሊትም እሑድም በርቶ ያድራል። በወር 720 ሰዓት፣ 720 ክሬዲት፣ 1,440 ዶላር! ያንኑ ዳሽቦርድ በቀን ስምንት ጊዜ ብቻ እንዲታደስ አድርጋችሁ መጥፊያውን 60 ሰከንድ ብታደርጉት፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ደቂቃ በርቶ ቢቆይ በወር 26 የሥራ ቀን ሰባት ክሬዲት አካባቢ ነው፤ 14 ዶላር። ዳታው ያው፣ ጥያቄው ያው፤ የተለወጡት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ይህን ሳያሳያችሁ ዋጋ የሚነግራችሁ ሻጭ ዋጋ አልነገራችሁም።

ጠንካራ ጎኑ ብዙ ነው። ሂሳብ ክፍሉና ሽያጭ ክፍሉ የየራሳቸውን ማስያ ይዘው በአንድ ዳታ ላይ ሳይገፋፉ ይሠራሉ። በስህተት የጠፋ ሰንጠረዥ በመደበኛው እትም በአንድ ቀን ውስጥ፣ ከፍ ባለው እትም እስከ 90 ቀን ድረስ ተመልሶ ይገኛል። እኔ የምመክረው ብዙ ቅርንጫፍና ቢያንስ አንድ ሙሉ ጊዜውን ለዳታ የሚሰጥ ባለሙያ ላለው ድርጅት ነው።

ሬድሺፍት፣ ማይክሮሶፍት፣ ዳታብሪክስ

ሬድሺፍት የአማዞን ነው፤ ከ2013 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። ሥሩ ከፖስትግሬስ የወረደ ስለሆነ አጻጻፉ ይመሳሰላል። ሥራችሁ ቀድሞውኑ አማዞን ላይ ከሆነ ምክንያታዊ ነው፤ አለበለዚያ ለእሱ ብሎ ወደ አማዞን መግባት አይታየኝም። በሰዓት የሚከራየው ዓይነት ባትጠይቁትም ይቆጥራል፤ ሰርቨርለስ የሚባለው ስትጠቀሙ ብቻ ይቆጥራል፣ ሲከፈት የሚያቀርብላችሁን መነሻ አቅም ግን ዝቅ አድርጉት።

ማይክሮሶፍት የዳታ መጋዘኑን ሲናፕስ ይለው ነበር፤ ከ2023 ወዲህ ፋብሪክ በሚባለው ጥቅል ውስጥ እያስገባው ነው። ሠራተኞቻችሁ ፓወር ቢአይ የሚባለውን የሪፖርት መሥሪያ የለመዱ ከሆነ ቅርብ ነው። የምትገዙት ግን አቅም ነው፣ ካልተጠቀማችሁበት ራሳችሁ ማቆም አለባችሁ። ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ በነጻ የሚወርድ መሆኑን፣ ከፖስትግሬስም ጋር በቀጥታ እንደሚገናኝ ግን ልብ በሉ፤ ብዙዎች ፋብሪክን የሚገዙት ይህን ሳያውቁ ነው።

ዳታብሪክስ በ2013 በአፓቺ ስፓርክ (ትልቅ ዳታ በብዙ ማሽን የሚያሰላ ሶፍትዌር) ፈጣሪዎች የተመሠረተ ነው። የማሽን ለርኒንግ (ከዳታ እየተማረ የሚተነብይ ፕሮግራም የሚሠራ) ቡድን ካላችሁ እዩት። ከሌላችሁ ለአሁኑ እለፉት።

ክሊክሃውስ፣ ደክዲቢ

ቅድም ያልኳቸው ማሽኖች ጋ ደረስን። ክሊክሃውስ ከ2016 ጀምሮ ኮዱ ክፍት ሆኖ በነጻ ይገኛል። ከመሣሪያ የሚጎርፍ ቁጥርን፣ የጭነት መኪና የጂፒኤስ ምልክትን እየተቀበለ ወዲያው ይደምራል። የገባን ረድፍ ማረም ግን አይወድም። ደረሰኝ እየተሰረዘና እየተስተካከለ ለሚውልበት ሥራ አልሰጠውም፤ ለማሽን ቆጣሪ ግን ከእሱ የተሻለ አላየሁም።

ደክዲቢን ሳነሳ ደስ እያለኝ ነው። አምስተርዳም ባለ የምርምር ተቋም ተጀምሮ በ2019 ወጣ፤ ነጻ ነው። ሰርቨር አይፈልግም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ የሲኤስቪና የፓርኬት ፋይሎችን (የሰንጠረዥ ዳታ የሚቀመጥባቸው ሁለት የፋይል ዓይነቶች ናቸው) በቀጥታ እንደ ሰንጠረዥ ይጠይቃል፣ እንደ ትልልቆቹ አምድ በአምድ ያነባል። መብራት ሄዶ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ፣ በባትሪ ብቻ የአምስት ዓመት ሽያጭ በሰከንዶች ደምሬበታለሁ። ጉድለቱ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት አለመሆኑ ነው። አንድ የሂሳብ ሹም ወይም አንድ ተንታኝ ላለበት ቢሮ ግን ሌላ ምንም ላያስፈልግ ይችላል።

የትኛውም ሻጭ የማያነሳቸው ነገሮች

እስካሁን ያልኩት የትም አገር ላለ ድርጅት ይሠራል። እዚህ ግን ምርጫውን የሚወስኑ ሌሎች ጉዳዮች አሉ፤ ከዋጋ ማቅረቢያው ላይ አታገኟቸውም።

የመጀመሪያው ፊደላችን ነው። ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል። ሬድሺፍት የጽሑፍ አምድን ስፋት የሚቆጥረው በባይት ነው፤ 20 ብላችሁ የከፈታችሁት የስም አምድ ስድስት ፊደል ብቻ ይይዛል። «ወልደጊዮርጊስ» ስምንት ፊደል፣ 24 ባይት ነውና አይገባም። ስኖውፍሌክ በፊደል ስለሚቆጥር እዚያ ችግር የለም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ደግሞ አምዱን ቫርቻር ሳይሆን ኤንቫርቻር ብላችሁ ክፈቱ፤ አለበለዚያ የአማርኛው ስም በጥያቄ ምልክት ይተካል፣ አንዴ ከተተካም አይመለስም።

ከዚያ በላይ የሚያደክመው ግን ሞክሼ ፊደል ነው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ዓለም» እና «አለም» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለዳታቤዙ ግን አራት ደንበኛ ናቸው። የትኛውም መድረክ ይህን በራሱ አያስተካክልም። መፍትሔው ዋናውን ስም እንደተጻፈ አስቀምጦ፣ አጠገቡ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው፣ ከዚያም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ የሚመልስ የማመሳከሪያ አምድ መጨመር ነው። ትራንስሌት የሚባለው ትእዛዝ በአራቱም፣ በፖስትግሬስ፣ በቢግኩዌሪ፣ በስኖውፍሌክና በሬድሺፍት አለ። ለድርጅት ደንበኞች ደግሞ ማገናኛችሁ ቲን ቁጥር ይሁን፤ አምዱም ጽሑፍ ይሁን እንጂ ቁጥር አይሁን። ቲን አሥር አሃዝ ነው፣ ብዙው በዜሮ ይጀምራል፣ ቁጥር ካላችሁት ፊቱ ያሉት ዜሮዎች ይረግፋሉ።

ሁለተኛው ቀን ነው። ኦራክል የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ያውቃል፤ ቢግኩዌሪ፣ ስኖውፍሌክ፣ ሬድሺፍትና ፖስትግሬስ ግን አያውቁም። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ጳጉሜንም መጀመሪያው ሩብ ዓመት ውስጥ ናት። ስለዚህ አንድ የቀን ሰንጠረዥ ሥሩ፦ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ፣ የፈረንጁ ቀን፣ የእኛ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ የበጀት ዓመት፣ ሩብ ዓመት፣ በዓል መሆን አለመሆኑ። የአሥር ዓመቱ ከ3,700 ረድፍ አይበልጥም። አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ከመድረኩ ምርጫ ይልቅ ሪፖርታችሁን የሚለውጠው ግን እሱ ነው።

ሰዓትንም እዚሁ ላንሳ። አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ የሠራሁት የምርት ሪፖርት ለሁለት ሳምንት ከፈረቃ መዝገቡ ጋር ሳይገጥም ቆየ። የሌሊት ፈረቃ አለቃው እስክሪብቶ በጠቆረ ጣታቸው መዝገቡን እያሳዩ «ልጄ፣ እኛ ይህን ሁሉ ሠርተን ያንተ ኮምፒውተር ግማሹን ለትናንት ይሰጠዋል» አሉኝ። እውነት ነበራቸው። መድረኩ ቀን የሚቆርጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እኛ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ለእሱ ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ማታ 2 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 2 ሰዓት የሚወጣ ፈረቃ ከመሐሉ ተቆርጦ ለሁለት ቀን ይከፈላል። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ የፈረቃውን መነሻ ቀን የሚይዝ የራሱ አምድ ማበጀት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ የሌሊት ሥራ ያለበት ቦታ ስሄድ መጀመሪያ የማየው የፈረቃ መዝገቡን ነው።

ሦስተኛው ክፍያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ወራት ከ110 ብር አለፈ። አንዲት ጥያቄ ሳትጨምሩ የክላውድ ሂሳባችሁ በብር በእጥፍ ያድጋል ማለት ነው። በጀት ስትይዙ በዶላር ያዙ፣ ጣሪያ አድርጉለት፣ ጣሪያው ሲቃረብ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሳችሁ አዘጋጁ። ከመፈረማችሁ በፊትም ባንካችሁ ሄዳችሁ በየወሩ ይህን ያህል ዶላር ለአገልግሎት እንዴት እንደሚከፈል በጽሑፍ ጠይቁ። በብር ተከፍሎ አገር ውስጥ የሚቀመጥ ከፈለጋችሁ ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት አለው፤ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም እንደ ሬድፎክስ፣ ዊንጉና ራክሲዮ ያሉ የግል ዳታ ማዕከሎች አሉ። ፖስትግሬስና ክሊክሃውስ እዚያ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ቢግኩዌሪ ግን ያለው በጎግል ክላውድ፣ ስኖውፍሌክም ቅድም ባልኳቸው በሦስቱ ክላውዶች ላይ ነው። በአፍሪካ ውስጥ ካሉት የውጭ ማዕከሎች በደቡብ አፍሪካ የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦ የማይክሮሶፍት ጆሃንስበርግ ከ2019፣ የአማዞን ኬፕታውን ከ2020፣ የጎግል ጆሃንስበርግ ከ2024 ጀምሮ። ዋጋቸው ግን ከአሜሪካው ስለሚለይ የምትመርጡትን ከተማ ዋጋ እዩ።

አራተኛው ሕግ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ ከአገር ማውጣትን በቅድመ ሁኔታ ያስራል። እኔ የማደርገው ቀላል ነው፦ ወደ ውጭ መጋዘን የደንበኛ መለያ ቁጥር እልካለሁ፣ ስምና ስልክ ግን ቢሮ ባለው ዳታቤዝ ይቀራል። ለሽያጭ ትንተና ስም አያስፈልግም። ለደንበኛ የሚደውል ሠራተኛ ስም ሲያስፈልገው ከቢሮው ዳታቤዝ ያወጣዋል።

አምስተኛው መስመሩ ነው። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ዳታ በቀጥታ እየፈሰሰ እንዲገባ ማድረግ ራስን ማስቸገር ነው። ሌሊት ይላክ፣ የተለወጠው ብቻ ይላክ፣ በትናንሽ ፋይል ተከፋፍሎ በፓርኬት ተጨምቆ ይላክ። ዋናው ቁም ነገር፣ ፋይሉ መሐል ላይ ተቋርጦ እንደገና ቢላክ አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ሻጩ መድረኩን ሲያሳያችሁ መሐል ላይ ኬብሉን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፤ ከዚያ የገባውን ረድፍ ቁጠሩ።

ለማን የትኛው

አንድ ቢሮ፣ አንድ የዕቃ መጋዘን፣ አንድ የሂሳብ ሹም ያለው ድርጅት ደክዲቢ ይያዝ፤ ሰው ሲጨምር ፖስትግሬስ። ፒችትሪ ያላችሁም ዳታውን በኦዲቢሲ (ሶፍትዌርን ከዳታቤዝ ጋር በሚያገናኘው መንገድ) አንብባችሁ ወደዚያ ማምጣት ትችላላችሁ። አምስት ስድስት ቅርንጫፍ ኖሮት በየቅርንጫፉ የተለያየ ሶፍትዌር ያለው፣ ዳታውም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ድርጅት ቢግኩዌሪ ቢጀምር ጥሩ ነው፤ ማሽን አያስተዳድርም፣ ትንሽ ሲጠቀም ትንሽ ይከፍላል። የዳታ ክፍል ያቋቋመ፣ ብዙ ተንታኝ ያለው፣ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ዳታ የሚጋራ ወደ ስኖውፍሌክ ይሂድ። የማሽን ቁጥር የሚጎርፍበት ፋብሪካ ክሊክሃውስን እዚሁ ቅጥር ግቢው ውስጥ ያቁም፤ በየሰከንዱ የሚመጣን ቁጥር ባሕር አሻግሮ መላክ አያስፈልግም።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር በተግባር አሳዩኝ በሉ፦ ዳታችንን በሙሉ በፓርኬት ወይም በሲኤስቪ አውጥታችሁ በዚህ ሐርድ ዲስክ ላይ ስጡን። ስንት ሰዓት እንደፈጀና ለማውጣቱ ስንት እንደሚያስከፍል ጻፉ። መድረክ መቀየር ቢመጣ የምትከፍሉት ዋጋ እሱ ነው።

የገላኑን ነገር ልንገራችሁ። እዚያው ቢሮ ባለ ሰርቨር ላይ ፖስትግሬስ አቆምን፣ የሽያጩንና የፒችትሪውን ዳታ አገናኘን፣ አራት ቀን የፈጀብን ሞክሼ ፊደሉን ማጥራት ነበር። 214 ሆነው የተመዘገቡት የዱቤ ደንበኞች ሲጠሩ 171 ሆነው ተገኙ። አንዱ ደንበኛ በሦስት አጻጻፍ ተመዝግቦ በሦስቱም ዱቤ ወስዶ ነበር። አሁን ሪፖርቱ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይሰላል። ጠዋት 12 ሰዓት የመጀመሪያው አይሱዙ ለጭነት ሲቆም ያልከፈሉት ደንበኞች ዝርዝር በንብረት ክፍሉ መስኮት ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ሦስቱን ዋጋ ማቅረቢያዎች ሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል፤ አዲሱ የዱከም ቅርንጫፍ ሐምሌ ላይ ሲከፈት አብረን እናያቸዋለን።